ዳገት ላይ ደረት የሚይዝ ሕመም፦ አንዱ የሳንባ ደም ሥር ከተፈጥሮ ለሌላት ሴት ምን ይሰጣል?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ምላሹ በዛ፣ መሐል ላይም ወሬው ተቀላቀለ። አዲስ የምትገቡ እንዳትቸገሩ ጥያቄዬን ከላይ አስቀምጬ፣ ከሥሩ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አወራችኋለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ አልስማማም እላለሁ።

ጥያቄው ይኼ ነበር። እህቴ 34 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ነው። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ግን ደረቷን መሐሉ ላይ ጨምድዶ ይይዛታል። ጀሪካኑን አውርዳ ትቆማለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለች። ቀጥሎ ቲቢ ተባለችና የስድስት ወሩን መድኃኒት ጨረሰች፤ አክታዋ ላይ ግን አንድም ጊዜ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ተነሳችና ከልብ ወደ ቀኝ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ከተፈጥሮ የለም ተባለ። የጎደለው የሳንባ ሆኖ ሳለ ደረቷን መሐሉን ለምን ያማታል? ለሕመሙስ ምን ይሰጣል? ይኼው ነው።

1ኛ ምላሽ። ባሕር ዳር የምትሠራ ነርስ ናት። እግዜር ይማርልህ ብላ ጀመረችና ጥያቄዬ ዋናውን ቁጥር እንደዘለለ በትሕትና ነገረችኝ። የሳንባ ደም ግፊቷ ስንት ነው? ኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ምርመራ) ተሠርቶላታል? እኔ ደግሞ የክንዷን ግፊት ነበር የማውቀው። በክንድ የሚለካውና በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት እንደማይገናኙ፣ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊያሻቅብ እንደሚችል አስረዳች። ድካም ላይ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ የደረት ሕመምን ግን ማንም ጨጓራ ብሎ ማለፍ እንደሌለበት ጨመረች።

2ኛ ምላሽ። ከቡሬ የጻፈ ሰው ነው። ይህ ውጋት እንጂ ሌላ አይደለም፣ እናቱም በዳማከሴና በትኩስ ነገር ድናለች አለ። ቅን ሰው ነው፤ ዳማከሴውንም ይልክልን ነበር።

3ኛ ምላሽ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይኼ ነው። ራሱን የዳሞቱ ሐኪም ብሎ የሚጠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነገሩን ከጽንስ ጀመረ። ከቀኙ የልብ ክፍል የሚወጣው የሳንባ አርተሪ (ደም ወደ ሳንባ የሚወስደው ሥር) አንድ ግንድ ነው፤ ኋላ ግራና ቀኝ ይከፈላል። አልፎ አልፎ አንዱ ቅርንጫፍ ሳይሠራ ይቀራል። ሌላ የልብ ጉድለት ሳይከተለው ብቻውን የሚመጣው ከ200,000 ሰው በአንዱ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከጎደለም ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የቀኙ ነው። ታዲያ ያ ሳንባ ያለ ደም አይቀርም። ከጎድን ሥሮች፣ ከአየር ቧንቧው ሥሮች፣ ከድያፍራም በታች ካሉት፣ አንዳንዴም ልብን ራሷን ከሚመግቡት ሥሮች ቀጫጭን መተላለፊያ አውጥቶ ይኖራል። ሰውየው ጎልማሳ እስኪሆን ሳይታወቅ የሚቆየው ለዚህ ነው።

የራጁን ፊልም መስኮት ላይ አድርጌ እንዳየውም ነገረኝ። አየሁት። የቀኙ ሳንባ ከግራው ጠበብ ብሏል። የልብ ጥላ ወደ ቀኝ ተስቧል። በግራ በኩል ከመሐል እንደ ሥር የሚበተነው ነጭ ጥላ በቀኙ በኩል ቦታው ባዶ ነው። ፊልሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሲያነሷትም ያዩት ሰዎች የጠበበውን ሳንባ የቲቢ ጠባሳ ነው ብለው ነበር። በዚህ እስካሁን እናደዳለሁ።

ስለ ሕመሙ ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው። የደረቱ ሕመም በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንደኛ፣ የሁለት ሳንባ ደም በአንዱ ሲያልፍ የዚያ ሳንባ ግፊት ቀስ በቀስ ሊጨምር ይችላል። የቀኙ የልብ ክፍል ይወፍራል፤ ዳገት ላይ ኦክስጅን ሲያንሰው ያማል። ሁለተኛ፣ ሥሩ የጎደለው ሳንባ ልብን ከሚመግቡት ሥሮች ደም የሚስብ ከሆነ፣ ሥራ ሲበዛ ለልብ ጡንቻ የሚገባው ደም ወደ ሳንባው ይሄድበታል። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ብርቅ በሽታ ያለበት ሰው ተራውም በሽታ ይይዘዋል፤ ደም ማነስ፣ የተለመደው የልብ ሥር መጥበብ፣ ጨጓራውም ጭምር። ስለዚህ ለሕመሙ ምን ይሰጣል ከማለት በፊት ሕመሙ በየትኛው መንገድ መጣ ማለት ይቀድማል አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ 108 ሕሙማንን ሰብስቦ እንዳየና የሳንባ ደም ግፊት የተገኘባቸው 44 በመቶ እንደነበሩም ጠቀሰ። ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አላት ብሎ መድኃኒት መጀመርም፣ የላትም ብሎ መተውም አይቻልም።

4ኛ ምላሽ። አንድ የደጀን ሰው አባቱ ዳገት ላይ ደረታቸውን ይይዛቸው እንደነበር፣ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ኪኒንና የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት እንዳዳናቸው ጻፈ። አባቱ አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። የተረፈውን ኪኒን በሚኒባስ ለሚመጣ ሰው አስይዤ ማርቆስ ድረስ እልካለሁ አለ። ደግነቱ ልቤን ነካው። ስልኬንም ልሰጠው ነበር።

5ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። የፍኖተ ሰላም ፋርማሲስት ነው፤ ሰላምታም አላስቀደመም። የሟች ኪኒን ለማያውቁት ሰው መላክ ደግነት ሳይሆን ድፍረት ነው ሲል 4ኛውን ወረደበት። ምክንያቱን ግን በደንብ ዘረዘረው። ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሬት የልብ ሥር ለጠበበበት ሰው የታወቀ መድኃኒት ነው። የሳንባ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ሲወስደው ግን የክንዱ ግፊት ድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የልብ ምት ቀናሹም እንዲሁ ነው። የተጨነቀ የቀኝ ልብ ደም የሚያዳርሰው ቶሎ ቶሎ በመምታት ሆኖ ሳለ ምቱን ብትቀንስበት ይብሱን ይደክማል። ሌላ የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለ የሳንባ ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሐኪም ለሳንባ ግፊት ሲልደናፊል (ብዙ ሰው ቫያግራ ብሎ የሚያውቀውን) አዞላት ያንን የምላስ ሥር ኪኒን ብትጨምርበት ነው። ሁለቱ አብረው ሰው ይገድላሉ።

አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ 4ኛው ሰው ተቀይሞ ሳይመለስ ቀርቷል። እኔ ግን ፋርማሲስቱን አልወቅሰውም።

ከ6 እስከ 8። ሲልደናፊል ሲባል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የመንደር ወጣቱ ሁሉ ሳቀ። 6ኛው ቀለደ፣ 7ኛው የባሰውን ቀለደ። 8ኛው ግን ጥሩ ታሪክ አመጣ። ጎረቤቱ ለሚስታቸው የሳንባ ግፊት ይህ መድኃኒት ታዞ ማዘዣውን ይዘው ሦስት ፋርማሲ ዞሩ። ሻጩ ገና ስሙን ሲያነብ ከንፈሩን ይነክሳል፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። በኋላ ሴት ልጃቸው ሄዳ ገዛች።

9ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቱ ተመለሰ። ሳቁን ሊያስቆም ፈልጎ ታሪኩን ነገረ፤ እኔም ከዚህ በፊት አልሰማሁትም። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሞከረው ለደረት ሕመም ነበር። ለዚያ ብዙም አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሁን በሚታወቅበት ነገር፣ ለስንፈተ ወሲብ፣ ተፈቀደ። በ2005 ደግሞ በሌላ የንግድ ስም ለሳንባ ደም ግፊት ተፈቀደ። መጠኑም ሌላ ነው፤ ለሳንባ የተለመደው 20 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ሱቅ ላይ የሚገኘው ባለ 50ና ባለ 100 ስለሆነ ሰው በግምት እየሰበረ ይውጣል። መድኃኒቱ የሳንባ ግፊቱ ተለክቶ ለተረጋገጠ ሰው እንጂ ደረቱን ለያዘው ሁሉ እንዳልሆነም አሠመረበት።

10ኛ ምላሽ። አዲስ አበባ የምትኖር የቢቸና ልጅ ናት። ከእህቴ ጋር የሚቀራረብ ግን ሌላ የሆነ ነገር አነሳች። የአጎቷ ልጅ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ዳገት ላይ ደረቱን ይይዘው ነበር። ሲመረመር የግራው የልብ ሥር የበቀለው ከዋናው አርተሪ መሆኑ ቀርቶ ከሳንባው አርተሪ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ ካልታከሙ ዓመት አይሞላቸውም። ጥቂቶች የቀኙ ሥር አግዟቸው ያድጋሉ። እሱ ሕንድ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ሥሩ ወደ ቦታው ተመለሰለት፤ አሁን እርሻው ላይ ነው። ለእሱ ኪኒን ጊዜ መግዣ እንጂ መድኃኒት አልነበረም፤ ለዚህ ችግር አዋቂ ሰው ሕመም ባይሰማውም እንኳ ቀዶ ሕክምና ነው የሚመከረው አለች።

11ኛ ምላሽ። የዳሞቱ ሐኪም 10ኛዋን አመስግኖ፣ የራሱን 3ኛ ምላሽ አሟላው። ሌላም መንገድ አለ። የሳንባ ግፊት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የአርተሪው ግንድ ይሰፋል። በሲቲ ሲለካ እስከ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ደህና ነው፤ ከ40 ሲያልፍ ግን ጎኑ ያለውን የግራውን ዋና የልብ ሥር ሊጫነው ይችላል። ቦሎኛ ጣሊያን ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የሳንባ ግፊትና የደረት ሕመም ያለባቸውን 121 ሰዎች መርምረው 48ቱ ላይ ይህ ሥር በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ጠቦ አገኙት። 45ቱ ሥሩን ከውስጥ የሚደግፍ ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገባላቸው፤ 41ዱ ሕመሙ ቀለለላቸው። ሲቲው በእጄ ስለሆነ የግንዱ ስፋት ሪፖርቱ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እንዳይ ነገረኝ። አልተጻፈም። ሥዕሉን በሲዲ ይዛችሁ ሂዱና ያንብቡት አለ።

እኔን ክሩ ያስተማረኝ ይኼን ነው። አንድ ዓይነት ሕመም፣ አንድ ዓይነት ዳገት፣ ግን አንዱ ስቴንት ይፈልጋል፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና፣ አንዱ የሳንባ ሥር የሚያላላ ኪኒን፣ አንዱ ደግሞ ለደም ማነሱ የብረት ኪኒንና ጎመን። በስም ተመሳሳይ ነው ብሎ የሰው መድኃኒት መዋስ እብደት ነው።

12ኛ ምላሽ። አንድ ሰው ቆፍጠን ብሎ እህትህን ዛሬውኑ ከደጋ አውርዳት፣ ሕክምናው ቆላ ነው አለ። 13ኛው ተቆጣ። አባቶቻችን ጮቄ ላይ ገብስ ዘርተው የኖሩት በሳንባቸው አይደለም ወይ፣ ደጋውን የምታጥላሉት ከተማ ገብታችሁ ነው አለ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር ተሰዳደቡ፤ እሱን አልደግመውም።

14ኛ ምላሽ። ነርሷ ገባችና አበረደችው። ሁለቱም ጫፍ ይዘዋል አለች። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ከዚህም ያነሰ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ሥሮች ይጠባሉ፤ ይህ በሁሉም ሰው ይሆናል። ሁለት ሳንባ ያለው ይችለዋል። ደሙ ሁሉ በአንድ ሳንባ ለሚያልፍ ሰው ግን ሸክሙ እጥፍ ነው። የቀኙ የሳንባ አርተሪ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ሳንባቸው ውኃ እንደቋጠረ እ.ኤ.አ. በ1980 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ የለመደው ነገር አለ፤ ስለዚህ ቤት ከማፍረስ በፊት ግፊቱ ይለካ፣ በእረፍትና ከትንሽ እርምጃ በኋላም በጣቷ የሚለካው የደሟ ኦክስጅን ይታይ። እስከዚያው ግን ጮቄ ለክርስትና ተጠርቻለሁ ብላ እንዳትወጣ።

13ኛው ይህን ካነበበ በኋላ እህቴ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። 12ኛው አልጠየቀም።

ከ15 እስከ 17። ወሬው ወደ መንገድ ሄደ። ወደ አዲስ አበባ ስትወርድ የአባይ በረሃ ያስቸግራት ይሆን ተባለ። አንዱ ከደጀን ወደ ድልድዩ መውረዱ ሳይሆን በጎሐ ጽዮን በኩል መውጣቱ ነው የሚከብደው አለ። ሌላው በመኪና ነው እንጂ በእግሯ አትወጣው ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ሆነ። የጎጃም ሰው ሲሰባሰብ ጤፍ ሳይነሳ አይቀርም።

18ኛ ምላሽ። አንዲት እናት ጸበል እንድትሞክር መከሩ፤ ኪኒኑን አቁማ በባዶ ሆድ ትጠመቅ አሉ። 19ኛው በጣም ስለታም ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክር ነው ሰው የሚጨርሰው አለ። እናትን እንዲህ ማናገር አልወደድኩለትም። 20ኛው ዲያቆን ነው፤ ነገሩን በአግባቡ ያዘው። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ በሽተኛን ጾም እንደማያስገድደው፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ያላት ሴት ለንስሐ አባቷ ብትነግር እንደሚፈቅዱላት ጻፈ። ደረት የሚይዛት ሴት ግን ብርድ ባለበት ሌሊት ዳገት ወጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መግባቷ ደግ እንዳልሆነ፣ በኮዳ ይምጣላት አለ። እናትየዋም ልጄ ተባረክ አሉት።

21ኛ ምላሽ። ስሟን ያልጻፈች ሴት ማንም ያላነሳውን አነሳች። እህትህ ትወልዳለች? ባሏና አማቷስ ያውቃሉ? እሷ የሳንባ ግፊት እያለባት አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ላይ ሆስፒታል አልጋ ላይ እንደነበረች፣ እሷ ስትተርፍ ልጁ እንዳልተረፈ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞች ዳግም እንዳታረግዝ ነግረዋታል፤ ሰፈሩ ግን መካን ይላታል። ከሥሯ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም። በኋላ የዳሞቱ ሐኪም የሳንባ ደም ግፊት ያለባት ሴት እርግዝና ለሕይወቷ እጅግ አስጊ ስለሆነ እንድትታቀብ እንደሚመከር፣ መከላከያው ግን ደም የሚያረጋ ኤስትሮጂን ያለበት እንዳይሆን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደሚሻል አስረዳ። አማትየዋን ሐኪም ፊት አስቀምጦ ማስረዳት ከመቶ ምክር ይበልጣል ብሎም ጨመረ። እህቴ አንድ ልጅ አላት፤ አማቷም ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው። ይህን ምላሽ ለባሏ አነበብኩለት።

22ኛ ምላሽ። ነርሷ ናት። ሐኪም ቤት እስክትደርስ የሚሆነውን ጻፈች። ውኃውን ሌላ ሰው ያምጣ፤ ከባድ ማንሳትና ትንፋሽ ይዞ መግፋት ይቅር። መተኛት ብቻም ሕክምና አይደለም፤ ሳያማት መሄድ የምትችለውን ያህል ሜዳ ላይ ትሂድ። ዕቃ ሳትሸከም፣ ዳገት ሳትወጣ ከያዛት፣ ራሷን ከሳተች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ደም ካሳላት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

23ኛ ምላሽ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ይውሰዳት የሚል መጣ። 24ኛዋ አረመችው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ያ ማዕከል በዋናነት ለሕፃናት ነው፤ ለአዋቂ በልብ ሐኪም ሪፈር ተጽፎ ነው የሚኬደው። ኢኮው እዚሁ ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ይሠራል፤ ኢኮ ግን ግፊቱን ይገምታል እንጂ አይለካም። የሳንባ ደም ግፊት አለ የሚባለው አማካይ ግፊቱ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲያልፍ ነው፤ ይህ የሚረጋገጠው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ሳንባ አርተሪው ገብቶ ሲለካ ነው፤ ለእሱ ወደ አዲስ አበባ ተዘጋጁ አለች።

25ኛ ምላሽ። የመጨረሻው ስለ ገንዘብ ነው። የጤና መድን አባል ከሆነች ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በየደረጃው ሪፈር ማጻፍ እንዳለባት፣ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ብትሄድ ከኪሷ መክፈል ሊኖርባት እንደሚችል አንድ የጤና መድን ሠራተኛ ጻፈ። የሪፈር ወረቀቱ፣ የሲቲው ሲዲ፣ የድሮው ራጅ፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ስም ከነመጠናቸው በአንድ ፌስታል ይሁን። የመድን መታወቂያው ለዘንድሮ ካልታደሰ መስኮቱ ላይ ይመልሷችኋል፤ እሱን ቀበሌ ሄዳችሁ አስቀድሙ።